ብዥታው የመነጽር ነው ወይስ የግፊት? እርግዝና በዕይታ ላይ የሚያመጣው ለውጥ

ባሕር ዳር ውስጥ መነጽር ቤት ደጃፍ ላይ ሆዷ የገፋ ሴት ማየት እንግዳ ነገር አይደለም። ጥያቄዋም የታወቀ ነው፤ አምና የተሠራው መነጽር ዘንድሮ አልይዝ አላት። ቡና ላይ ሲወራ መልሱ አጭር ነው፦ «እርግዝናው ነው፣ ስትወልጂ ይለቅሻል።» ስልክ ላይ በሚዘዋወሩ ቪዲዮዎች ደግሞ ነገሩ ይከርራል። እርግዝና ዓይን ያጠፋል ይባላል። አራስ መጽሐፍ ካነበበች ዕይታዋ አይመለስም ይባላል። መነጽር የምታደርግ ሴት አምጣ መውለድ የለባትም የሚልም አይጠፋም።

አብዛኛው ለውጥ ከወሊድ በኋላ መልቀቁ እውነት ነው። ችግሩ ያለው «አብዛኛው» የሚለው ቃል ላይ ነው። «ዓይኔ ብዥ ይላል» የሚለው አንድ አቤቱታ ቢያንስ አራት የተለያዩ ነገሮችን ይሸፍናል። አንዱ የመነጽር ጉዳይ ነው። ሁለተኛው የዓይን ድርቀት ነው። ሦስተኛው የምግብ እጥረት ነው። አራተኛው ግን ከነጭራሹ ከዓይን የሚነሳ አይደለም፤ የደም ግፊት ነው። እሱ ደግሞ እስክትወልድ አይታገሥም። ስለዚህ ዋናው ጥያቄ እርግዝና ዓይንን ይነካል ወይ አይደለም። ይነካል። ጥያቄው የትኛው ብዥታ መነጽር ቤት፣ የትኛውስ ጤና ጣቢያ ይወስዳል የሚለው ነው።

## ፈሳሹ ዓይን ድረስ ሲደርስ

በእርግዝና ወቅት የሴቲቱ የደም መጠን ከ40 እስከ 50 በመቶ ይጨምራል። ሰውነት ፈሳሽ ይይዛል። እግር ያብጣል፣ ጫማ ይጠባል፣ ቀለበት አልወልቅ ይላል። ዓይንም ከዚህ አያመልጥም። ኮርኒያ የሚባለው፣ ከዓይን ፊት ለፊት እንደ ሰዓት መስታወት የተገጠመው ጥርት ያለ ሽፋን፣ በጥቂቱ ይወፍራል። ቅርጹም በመጠኑ ይለወጣል። ወደ ዓይን የሚገባው ብርሃን በዋናነት የሚታጠፈው እዚህ ላይ ነው። ስለዚህ ቅርጹ ትንሽ ሲቀየር ዕይታም አብሮ ይቀየራል። መነጽሩ አልተበላሸም፤ ዓይኑም አልታመመም። ቀለበቱ ጣቷ ላይ እንደጠበበ ሁሉ መነጽሩም ለጊዜው ልኳ አልሆነም።

ለውጡ ብዙውን ጊዜ ትንሽ ነው። በኋለኞቹ ወራት ጎላ ይላል፣ ከወሊድ በኋላ ደግሞ በሳምንታት ወይም በጥቂት ወራት ውስጥ ይመለሳል። አዲስ መነጽር ማሠራትን በተመለከተ ሁለት ዓይነት ምክር ይሰማል። አንዱ ጠብቂ ይላል፤ ቢያንስ ከወሊድ በኋላ ስድስት ሳምንት፣ ቢቻል ጡት እስክታስጥዪ። ለጥቂት ወር ለሚያገለግል መነጽር ገንዘብ ማውጣት ኪሳራ ነው ባይ ነው። ሌላው ደግሞ ቀኑን ሙሉ ኮምፒውተር ላይ የምትውልን የባንክ ሠራተኛ ወይም ሰሌዳ ላይ የምትጽፍን መምህርት «በብዥታ ኑሪ» ማለት አግባብ አይደለም ይላል። ሁለቱም ልክ ናቸው፤ የሚያመዛዝነው ሥራዋ ነው። ሥራ የሚያውክ ከሆነ በነበረው ፍሬም ላይ ጊዜያዊ ሌንስ ማስገባት ይቻላል። ካልሆነ መታገሥ ነው። ጡት ማጥባት ሁለት ዓመት በሚዘልቅበት አገር ግን «ጡት እስክታስጥዪ» የሚለውን ምክር ቃል በቃል መውሰድ ያስቸግራል።

ድርቀት ሌላ ጉዳይ ነው። የሆርሞን ለውጥ የእንባን መጠን ይቀንሳል፣ ጥራቱንም ያዛባል። ዓይን ይቆጠቁጣል፤ አሸዋ የገባበት ይመስላል። አንዳንዴ በተቃራኒው ያለማቋረጥ ያነባል፤ ይህም ራሱ የድርቀት ምልክት ነው። የድርቀት ብዥታ መለያ አለው። ዓይን ጨፈን ከፈት ሲደረግ ለአፍታ ይጠራል፣ ከዚያ ተመልሶ ይደበዝዛል። ጭስ በሞላበት ማዕድ ቤት ምጣድ ፊት የምትቀመጥ ሴት ላይ ይብሳል። የበጋው አቧራና ከሐይቁ የሚነሳው ነፋስም ያግዘዋል። ኮንታክት ሌንስ ለምታደርግ ሴት ደግሞ ተጨማሪ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። በእርግዝና ጊዜ ኮርኒያ የመሰማት ኃይሉ ስለሚቀንስ ሌንሱ ሲፍቃት ቶሎ ላይታወቃት ይችላል። እስክትወልድ ወደ መነጽር መመለስ ይሻላታል።

ሁሉን ነገር በእርግዝና ማሳበብም ስሕተት ነው። የአማራ ክልል በዓለም ላይ ትራኮማ የሚባለው ተላላፊ የዓይን በሽታ ጫናው ከከበደባቸው አካባቢዎች አንዱ ነው። በሽታው ከወንዶች ይልቅ ሴቶችን ያጠቃል፤ ሕፃናትን ታቅፎ የሚውለው ማን እንደሆነ ካሰብን ምክንያቱ ግልጽ ነው። የዓይኗ ቆብ ወደ ውስጥ ታጥፎ ሽፋሽፍቷ ኮርኒያዋን የሚፍቃት ሴት የሚያስለቅሳት ጽንሱ አይደለም። ስትወልድም አይለቃትም። ለእሷ የሚያስፈልጋት የዓይን ባለሙያ ነው።

## ዓይን ስለ ደም ግፊት ሲናገር

ፕሪኤክላምፕሲያ የሚባል የእርግዝና ሕመም አለ። ብዙውን ጊዜ ከ20ኛው ሳምንት በኋላ ይነሳል። የደም ግፊት 140/90 ወይም ከዚያ በላይ ይሆናል፤ ሽንት ውስጥ ፕሮቲን ይገኛል፣ ወይም ጉበት፣ ኩላሊትና አንጎልን የመሰሉ አካላት ይነካሉ። ግፊቱ 160/110 ከደረሰ ከባድ ይባላል። መንቀጥቀጥ ሲጨመርበት ስሙ ኤክላምፕሲያ ይሆናል። ሥሩ ከእንግዴ ልጅ ጋር የተያያዘ ነው። የእንግዴ ልጁ የደም ሥሮች ገና ከጅምሩ በሚገባ ሳይዘረጉ ይቀራሉ፤ መዘዙ ግን በእናትየው የደም ሥሮች ሁሉ ላይ ይወጣል። በዓለም ዙሪያ ለእናቶች ሞት ምክንያት ከሚሆኑት ውስጥ ከደም መፍሰስ ጋር በግንባር የሚጠቀሰው ይኸው ከግፊት ጋር የተያያዘ ሕመም ነው።

ታዲያ ይህ ከዓይን ጋር ምን አገናኘው? በሰውነት ውስጥ ሥጋ ሳይቀደድ የደም ሥር በቀጥታ የሚታየው ዓይን ውስጥ ብቻ ነው። ሐኪሙ ክፍሉን አጨልሞ፣ በትንሽ ብርሃን በብሌኗ በኩል ወደ ውስጥ ሲመለከት ብርቱካንማ መደብ ያያል። ይህ ሬቲና ነው፤ በዓይን የጀርባ ግድግዳ ላይ የተለጠፈው፣ ብርሃን የሚቀበለው ስስ ሽፋን። በላዩ ላይ የደም ሥሮች እንደ ዛፍ ቅርንጫፍ ተዘርግተዋል። ፕሪኤክላምፕሲያ ባለባት ሴት ላይ ግን ከእነዚህ አንዳንዶቹ ተኮማትረው እንደ ክር ቀጥነው ሊታዩ ይችላሉ። ዓይን ውስጥ እንዲህ ከታየ ኩላሊትና አንጎል ውስጥ ምን እየሆነ እንዳለ መገመት አያስቸግርም።

ዕይታው የሚታወከው በሦስት መንገድ ነው። አንደኛው ይኸው የደም ሥር መኮማተር ነው፤ ብልጭታና ጥቁር ነጠብጣብ ያመጣል። ሁለተኛው ከሬቲና ሥር ፈሳሽ መጠራቀም ነው፤ ሬቲናው ከግድግዳው ይላቀቃል። ይህ ለጆሮ የሚያስፈራ ቢሆንም ግፊቱ ከታከመና ሕፃኑ ከተወለደ በኋላ አብዛኛውን ጊዜ ያለ ቀዶ ሕክምና በሳምንታት ውስጥ ይመለሳል። ሦስተኛው ግን ዓይን ውስጥ አይደለም። ዕይታን የሚተረጉመው የአንጎል የኋለኛ ክፍል ያብጣል። ሴትየዋ ምንም አታይም። ባትሪ ሲበራባት ብሌኗ እንደማንኛውም ጤነኛ ሰው ይጠባል፤ እሷ ግን ባትሪውን አታየውም። ዓይኑ ደህና ነው፣ የማያየው አንጎሏ ነው። ይህም በወቅቱ ከታከመ ብዙ ጊዜ በሰዓታት ወይም በቀናት ውስጥ ይመለሳል።

ከሦስቱ አንዱም በዓይን ጠብታ አይታከምም። ሕክምናው ግፊቱን ማውረድ፣ ማግኒዥየም ሰልፌት የሚባለውን መድኃኒት መስጠትና በትክክለኛው ጊዜ ማዋለድ ነው። ማግኒዥየም ሰልፌት ርካሽና የቆየ መድኃኒት ነው። ማግፓይ የሚባለው በብዙ አገሮች የተካሄደ ጥናት፣ እ.ኤ.አ. በ2002 በወጣው ውጤቱ፣ መድኃኒቱ ፕሪኤክላምፕሲያ ያለባቸው ሴቶች ወደ መንቀጥቀጥ የመሄድ ስጋታቸውን ከግማሽ በላይ እንደሚቀንስ አሳይቷል። መድኃኒቱ ራሱ ለጊዜው ብዥታ ወይም ሁለት አድርጎ ማየት ሊያመጣ ስለሚችል፣ አስታማሚ «መርፌው ዓይኗን አጠፋው» ብሎ ባይደነግጥ ደግ ነው።

እንግዲህ መለያው ምንድን ነው? የመነጽር ብዥታ ቀስ ብሎ፣ በሳምንታት ይመጣል፤ ጠዋትም ማታም ያው ነው። የግፊት ብዥታ ግን በሰዓታት ወይም በቀናት ይከሰታል፤ አብዛኛውን ጊዜ በሁለቱም ዓይን። ብልጭ ብልጭ የሚል ብርሃን ይታያል፣ ጥቁር ነገር ይጋርዳል፣ አንዱ ሁለት ሆኖ ይታያል ወይም የዕይታው ግማሽ ይጠፋል። ብቻውን የሚመጣውም ጥቂት ጊዜ ነው። ፓራሲታሞል የማይመልሰው ራስ ምታት፣ ከቀኝ የጎድን አጥንት ሥር ወይም ከጨጓራ በላይ የሚሰማ ሕመም፣ የፊትና የእጅ እብጠት አብረውት ይሄዳሉ። የእግር እብጠት ብቻውን ብዙም አይናገርም፤ ግማሹ ነፍሰ ጡር ያብጠዋል ቢባል ማጋነን አይሆንም።

እዚህ ላይ መጠንቀቂያ አለ። ግፊቱ ከፍ ብሎም ምንም የማይሰማት ሴት አለች። ዕይታዋ ጥርት ያለ ስለሆነ ደህና ናት ማለት አይቻልም። በየክትትሉ ግፊት የሚለካው ለዚህ ነው። አለካኩም ወግ አለው። ካርድ ክፍል ተሰልፋ፣ ደረጃ ወጥታ፣ ሳታርፍ ብትለካ ቁጥሩ ያታልላል። ለአምስት ደቂቃ ያህል ተቀምጣ፣ ጀርባዋን አስደግፋ፣ ክንዷን ጠረጴዛ ላይ በልቧ ትክክል ዘርግታ መሆን አለበት። ቁጥሩ በመጠኑ ከፍ ካለ ከአራት ሰዓት በኋላ ይደገማል። 160/110 ከሆነ ግን አራት ሰዓት መጠበቅ የለም።

## «ወባ ነው»፣ «ምች ነው»

የጣና ዳርቻ የራሱ የሆነ ማሳሳቻ አለው። ፎገራና ደንቢያን የመሰሉ ሜዳማ ወረዳዎች የወባ አገር ናቸው። ክረምቱ ወጥቶ ውኃው ሲቋጥር፣ ከመስከረም እስከ ኅዳር፣ ራስ ምታትና ማስመለስ ሲመጣ የሁሉም አፍ ላይ ያለው ወባ ነው። ግምቱ መሠረት የለውም አይባልም። ነፍሰ ጡርን ወባ ይበረታባታል፤ ደም መመርመሯም ተገቢ ነው። ነገር ግን ትኩሳት የሌለው ራስ ምታትና ብዥታ የግፊት ጠባይ ነው። ወባ ቢገኝባትም እንኳ ግፊቷን አለመለካት አይቻልም፤ ሁለቱ አንድ ላይ ሊመጡ ይችላሉ። መንቀጥቀጥ ሲጨመርበት ደግሞ አንጎልን የሚያጠቃው ወባና ኤክላምፕሲያ ለዓይን መንትያ ይመስላሉ። የሚለያያቸው የደም ምርመራና የግፊት መለኪያ ነው።

መንቀጥቀጡ የመንፈስ ነው ተብሎ ወደ ጸበል የሚኬድበትም ጊዜ አለ። ይህን ማንጓጠጥ አይጠቅምም። ጸበልና መድኃኒት አይጣሉም የሚለው አስተሳሰብ ብዙ ቤት ገብቷል። ክርክሩ የእምነት ሳይሆን የቅደም ተከተል ነው። ኤክላምፕሲያ የሚቆጠረው በደቂቃና በሰዓት ነው። ጸበሉ ነገም አለ።

ከዚህ ይልቅ የሚያሳስበው የአራስ ቤት ነው። ብዙ ሰው ግፊት ከወሊድ ጋር አብሮ የሚያልቅ ይመስለዋል። አያልቅም። ኤክላምፕሲያ ከወለደች በኋላም ሊነሳ ይችላል፤ በተለይ በመጀመሪያዎቹ 48 ሰዓታት፣ አልፎ አልፎ ደግሞ እስከ ስድስት ሳምንት ድረስ። አሁን ወደ አንድ አራስ ቤት እንግባ። መስኮቱ ተዘግቷል። ገንፎው ይገነፋል፣ አጥሚቱ ይፈላል፣ ጠያቂ ይገባል ይወጣል። አራሷ ራሷን ይዛታል፤ ብርሃን አስጠልቷታል። አማቷ ወይም እናቷ ወዲያው «ምች ነው» ይላሉ። ዳማከሴ ይታሻል፣ ጭማቂው በቡና ይጠጣል፣ ብርድ ልብስ ይደረባል። ምች የሚለው ስም ብዙ ነገር ይይዛል፤ ከንፈር ላይ የሚወጣው ቁስል፣ ትኩሳቱ፣ ራስ ምታቱ። ከእነዚህ አብዛኞቹ በራሳቸው ጊዜ ይለቃሉ። ስለዚህ ዳማከሴ ብዙ ጊዜ «ሠርቷል» ይባላል። የማይለቀው አንዱ ራስ ምታት ግን ከሌሎቹ ጋር በዚያው ስም ይጠራል። በጨለማ ክፍል ውስጥ ደግሞ ዕይታዋ መደብዘዙን ራሷ አራሷም አታውቀው ይሆናል። ከአርባ ወይም ከሰማንያ ቀን በፊት ከቤት አትወጣም የሚለው ልማድ ሲጨመርበት መንገዱ ይዘጋል።

ልማዱ ሙሉ በሙሉ መጥፎ ነው ማለት አይደለም። አራስን ማሳረፍ፣ መመገብ፣ ከሰው ንክኪ ጠበቅ ማድረግ ብልህነት አለበት። «አራስ አታንብብ፣ ስልክ አትይ» የሚለውም የመጣበት ምክንያት ሊገባን ይችላል። እንቅልፍ ያጣች፣ ዓይኗ የደረቀ፣ ደም የፈሰሳት ሴት ቅርብ ነገር ስታይ ቶሎ ይደክማታል። ማንበብ ግን ዓይን አያጠፋም፤ ያንን የሚያረጋግጥ ነገር የለም። መስኮቱን መክፈትና ራስ ምታት ሲመጣ «ዓይንሽስ?» ብሎ መጠየቅ ከልማዱ ጋር አይጋጭም።

በነገራችን ላይ ኩልም ከዚህ ቤት አይጠፋም። በተለያዩ አገሮች በተመረመሩ ባህላዊ ኩሎች ውስጥ እርሳስ የተባለው ብረት በብዛት ተገኝቷል። እርሳስ ደግሞ ጽንስንና ሕፃንን ይጎዳል። ምን እንዳለበት የማይታወቅ ኩል ለነፍሰ ጡርም፣ ለአራስም፣ ለሕፃንም ባይቀባ ይመረጣል።

## ዳፍንት

በመጨረሻዎቹ ወራት ሲመሽ ብቻ ማየት የሚቸግራት ሴት አለች። ቀን ደህና ናት። ጀምበር ስትጠልቅ በረቱን ትስታለች፣ ደጃፍ ላይ ይደናቀፋታል። ይህን ሕመም አማርኛ ከጥንት ጀምሮ ዳፍንት ብሎ ያውቀዋል። የዘመኑ ሕክምና ያከለው ምክንያቱን ነው። ሬቲና በደብዛዛ ብርሃን ለማየት የሚጠቀምበት ንጥረ ነገር የሚሠራው ከቫይታሚን ኤ ነው። ጽንሱ እያደገ ሲሄድ ከእናቱ ክምችት ይወስዳል። ክምችቱ ቀድሞውኑ ሳስቶ ከነበረ መጀመሪያ የሚደክምባት የማታ ዕይታዋ ነው። ስትወልድ ብዙ ጊዜ ይለቃታል፤ ሰውነቷ ግን አሁንም ባዶ ነው፣ የጡት ወተቷም እንደዚያው። «ስትወልጂ ይለቅሻል» የሚለው አባባል እዚህ ላይ እውነት ሆኖም ያሳስታል።

ጉበት ብይ የሚለው የድሮ ምክር ትክክል ነበር። ጉበት በቫይታሚን ኤ የበለጸገ ነው። እዚህ ላይ ግን ሁለት ምክር ይጋጫል። በሀብታም አገሮች ነፍሰ ጡር ጉበት አትብላ ትባላለች፤ ቫይታሚን ኤ ሲበዛ፣ በተለይ በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት፣ ጽንስን ሊያዛባ ይችላልና። ያ ምክር የተሰጠው ሥጋ፣ ወተትና የቫይታሚን ክኒን ለማያጡ ሰዎች ነው። ጉበት የምታገኘው በዓመት በዓል ለሆነ ሴት ተመሳሳዩን መንገር ትርጉም የለውም። አልፎ አልፎ ጥቂት፣ በደንብ የበሰለ ጉበት አይጎዳትም። አደጋው ያለው ለሕፃናት የሚሰጠውን ከፍተኛ መጠን ያለው እንክብል ነፍሰ ጡር ስትውጠው ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በእርግዝና ወቅት ቫይታሚን ኤ የሚመክረው እጥረቱ ከባድ በሆነባቸው አካባቢዎች ብቻ ነው፤ ያውም በትንሽ መጠን፣ በቀን እስከ 10,000 ዩኒት ወይም በሳምንት እስከ 25,000 ዩኒት።

ጾም ሲሆንስ? ጎመን፣ ካሮት፣ ዱባ፣ ማንጎ፣ ፓፓያና ውስጡ ብርቱካንማ የሆነ ስኳር ድንች ሰውነት ወደ ቫይታሚን ኤ የሚለውጠውን ንጥረ ነገር ይይዛሉ። ይህ ንጥረ ነገር ያለ ቅባት አይመጠጥም። ስለዚህ ጎመኑ ዘይት ጠብ ይበልበት፤ የኑግም ይሁን ሌላ። ሐይቁ ዳር ቀረሶና አምባዛ ሲበለት ለፔሊካኖቹ ከሚወረወረው ሆድ ዕቃ ውስጥ አንዱ ጉበት መሆኑም ያስገርማል። የዓሣው ቫይታሚን ኤ በብዛት ያለው እዚያ ነው።

«ስነሳ ዓይኔን ያጨልመኛል» የሚባለው ደግሞ ዳፍንት አይደለም። ከተቀመጡበት ብድግ ሲሉ ግፊት ለአፍታ ሲወርድ የሚመጣ ነው፤ ደም ማነስ ካለ ይብሳል። ቢልሃርዚያና ወባ ባሉበት የሐይቅ ዳርቻ ደም ማነስ ብርቅ አይደለም። አዋላጇ የታችኛውን የዓይን ቆብ በአውራ ጣቷ ሳብ አድርጋ የምታየው ይህንን ነው። ቀይ መሆን ያለበት ነጥቶ ከታየ ቀጥሎ የሚታዘዘው የደም ምርመራ ነው።

## ስኳር፣ ጠብታና ጥሬ ሥጋ

ከእርግዝና በፊት የስኳር ሕመም የነበረባት ሴት ሁኔታ ይለያል። ስኳር በሬቲና የደም ሥሮች ላይ ያደረሰው ጉዳት በእርግዝና ጊዜ በፍጥነት ሊባባስ ይችላል። ቶሎ ስኳሯን ለማውረድ ሲሞከርም ለጊዜው ሊብስ ይችላል፤ ይህ ግን ስኳሩን ለመተው ምክንያት አይሆንም። ምንም ባይሰማትም በመጀመሪያዎቹ ወራት ብሌኗ በጠብታ ተከፍቶ ሬቲናዋ መታየት አለበት፤ እንደ ሁኔታውም እየተደጋገመ። በእርግዝና ብቻ የመጣ ስኳር ግን ጊዜው አጭር ስለሆነ ብዙውን ጊዜ ሬቲና ላይ አይደርስም።

ግላኮማ፣ ማለትም የዓይን ውስጥ ግፊት የዓይንን ነርቭ የሚጎዳበት ሕመም፣ በእርግዝና ወቅት ብዙ ጊዜ ረገብ ይላል። የዓይን ውስጥ ግፊትና የደም ግፊት ስም ተጋሩ እንጂ የተለያዩ ናቸው፤ የመጀመሪያው በእርግዝና ይወርዳል። ጥያቄው ጠብታው ነው። ቲሞሎልን የመሰሉ ጠብታዎች በእንባ ቀዳዳ በኩል ወደ ደም ይገባሉ። በራስ ፈቃድ ማቆም ነርቭ ያስከፍላል፤ ዝም ብሎ መቀጠልም ሐኪም ሳያውቅ አይሆንም። ማርገዟን ለዓይን ሐኪሟ መናገር አለባት። ጠብታው እንደገባ የዓይንን የአፍንጫ በኩል ጥግ ለሁለት ደቂቃ ያህል በጣት ጫን ማድረግ ወደ ደም የሚሄደውን ይቀንሳል።

ከፋርማሲ ያለ ማዘዣ የሚገዛ ጠብታ ለብቻው ያሳስባል። ስቴሮይድ ያለበት ጠብታ ቅላቱን ቶሎ ስለሚያጠፋ ይወደዳል። ሲዘወተር ግን ግላኮማና የዓይን ሞራ ያመጣል፤ እርግዝና ኖረም አልኖረም።

ጥሬ ሥጋም እዚህ ውስጥ ይገባል። ቶክሶፕላዝሞሲስ የሚባል በሽታ በጥሬ ሥጋና በድመት ዓይነ ምድር ይተላለፋል። እናትየው ለመጀመሪያ ጊዜ በእርግዝናዋ ወቅት ከተያዘች ወደ ጽንሱ ሊሻገርና የሕፃኑን ሬቲና ሊያጠባስስ ይችላል። የቆየ ጠባሳ ያለባት ሴት ላይም አልፎ አልፎ ይቀሰቀሳል። ያን ጊዜ ብዥታው በአንድ ዓይን ነው፤ እንደ ዝንብ የሚንሳፈፉ ነጠብጣቦች ይታያሉ። ለዘጠኝ ወር ክትፎውን አብስሎ፣ ጉበቱን ጠብሶ መብላት ነው።

## ምጥና መነጽር

ከፍተኛ ቁጥር ያለው የሩቅ መነጽር የምታደርግ ሴት ስታምጥ ሬቲናዋ ይላቀቃል፣ ስለዚህ በኦፕራሲዮን ትውለድ የሚል ምክር ከባለሙያ አፍም ይሰማ ነበር። የተደረጉ ክትትሎች ይህን አልደገፉም። የመነጽር ቁጥር ብቻውን ለኦፕራሲዮን ምክንያት አይሆንም። ከምጥ በኋላ የዓይን ነጩ ላይ ደማቅ ቀይ ደም ከታየም፣ ሕመምና የዕይታ ለውጥ እስከሌለ ድረስ፣ በሁለት ወይም ሦስት ሳምንት ራሱ ይጠፋል።

## ከደሴቱ እስከ ሆስፒታሉ

ሁሉም ነፍሰ ጡር የዓይን ምርመራ ታድርግ የሚሉ ባለሙያዎች አሉ። ሐሳቡ ጥሩ ነው፤ የዓይን ሐኪም ግን በከተማ ነው የሚገኘው። በገጠር ቀበሌ ያለችን ሴት ያለ ምልክት ወደ ባሕር ዳር ወይም ወደ ጎንደር መላክ መንገዱን፣ ጊዜውንና ገንዘቡን ያስከፍላታል። በእኔ ግምት የሚሻለው ከዚህ የቀለለ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2016 ያወጣው መመሪያ በአንድ እርግዝና ቢያንስ ስምንት ጊዜ ክትትል ይመክራል። በየአንዳንዱ ላይ ግፊቷ ይለካ፤ አንድ ጥያቄም ይጨመር፦ «ዕይታሽ ላይ የተለወጠ ነገር አለ?» ስኳር፣ ግላኮማ ወይም የቆየ የዓይን ሕመም ያለባት ለብቻ ወደ ዓይን ባለሙያ ትላክ። መነጽር ቤቶችም ድርሻ አላቸው። በድንገት ብዥ ብሎባት የመጣች ነፍሰ ጡር ሌንስ ከመለካቷ በፊት ግፊቷ ቢለካ ጥሩ ነው፤ አንድ የክንድ ግፊት መለኪያ ከአንድ ፍሬም ብዙ የሚበልጥ ዋጋ የለውም።

መንገዱ ግን እውነተኛ ችግር ነው። ከደቅ ደሴት ወይም ከዘጌ ማዶ በጀልባ የምትመጣ ሴት ከሐይቁ ጋርም መደራደር አለባት። ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ሲነሳ ማዕበሉ ጀልባ ያናውጣል፤ ማታ ደግሞ ሌላ ነገር ነው። ለዚህ ነው የመጀመሪያው የማግኒዥየም ሰልፌት መርፌ ፈለገ ሕይወት ወይም ጥበበ ግዮን ሆስፒታል እስክትደርስ የማይቆየው። በቅርቡ ባለው ጤና ጣቢያ ተሰጥቷት፣ በግራ ጎኗ ተኝታ፣ ባለሙያ አብሯት ትሻገራለች። በሪፈር ወረቀቷ ላይ ግፊቷ ስንት እንደነበር፣ መርፌው በስንት ሰዓት እንደተሰጣትና ብዥታው መቼ እንደጀመራት ይጻፋል። የመጀመሪያዎቹን ሁለቱን ባለሙያው ያውቃቸዋል። ሦስተኛውን የምታውቀው እሷ ብቻ ናት፤ መንቀጥቀጡ ከቀደመ የሚጠየቅ ሰው የለም።